መልስ፦ ከሮም ወጣ ብሎ የሚታይ የተራራ መንደር

እህቴ፣ «ሮም ሁለት ቀን ተርፎኛል፤ ጥንታዊነቱን የጠበቀ የተራራ መንደር የት ላግኝ?» ላልሽው፣ እኔ ሳንቶ ስቴፋኖ ዲ ሴሳኒዮ ሂጂ እልሻለሁ። አብሩዞ ክልል፣ ግራን ሳሶ ተራሮች ላይ፣ 1,250 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ነው።

መንደሯ ከላይ እስከ ታች ድንጋይ ናት። ቤቶቹ ተደጋግፈው ስለተሠሩ የዳር ዳሮቹ ግድግዳ ራሱ አጥሯ ነው። መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፤ አንዳንዶቹ በቤት ሥር ሾልከው ያልፋሉ። ድሮ ሀብቷ የበግ ሱፍ ነበር። ለዚህም ነው ፍሎረንስን ያስተዳድር የነበረው የሜዲቺ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1579 በገንዘብ የገዛት። አርማቸውን በመንደሯ መግቢያ በር ላይ ታዪዋለሽ። ክቡ ማማ እ.ኤ.አ. በ2009ኙ የመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሶ ነበር፤ አሁን እንደገና ተሠርቷል። በጣም ደስ ያለኝ ነገር ነው።

ምስሯን ሳትቀምሺ እንዳትመለሺ! ደቃቅና ጠቆር ያለ ነው፤ ደጋ ላይ ይበቅላል፤ ሳይዘፈዘፍ ይበስላል። በሾርባ፣ ከላይ የወይራ ዘይት ጠብ ተደርጎበት ሲቀርብ ሌላ ነው።

ከቻልሽ እዚያው እደሪ። የሆቴሉ ክፍሎች በመንደሩ አሮጌ ቤቶች ውስጥ ተበታትነው ነው ያሉት። ቋሚ ነዋሪው መቶ ሰው ገደማ ስለሆነ ማታ ጸጥታው ይገርማል። ጠዋት ሮካ ካላሾ የሚባለውን ምሽግ በእግር ወጥተሽ እዪው። በበጋም ቢሆን ጃኬት ያዢ።