ካልኩሌተሩ 16.666 ሲል ልጁ ምን ይበል?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ የ4ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ማካፈል ይችላሉ፤ ጥያቄው በቃላት ሲመጣ ግን ግራ ይጋባሉ። የስልክ ካልኩሌተር ብፈቅድላቸው ይሰንፉ ይሆን?

መልስ፦ መምህር፣ የሚያሰንፈው ካልኩሌተሩ ሳይሆን ሳይገምቱ መነካካቱ ነው። ይህን ይስጧቸው፦ 50 ልጆች ከከዚራ ወደ ቀፊራ ገበያ በባጃጅ ይሄዳሉ፤ አንዱ ባጃጅ 3 ልጅ ይይዛል። ስንት ባጃጅ ያስፈልጋል? ስልክ ሳይነካ ሁሉም ግምቱን ደብተሩ ላይ ይጻፍ፤ ከዚያ ያስሉ። ስክሪኑ 16.666 ይላል። አንዱ 16 ይላል፣ ሌላው 16.6 ብሎ ይጽፋል። እባክዎ ቶሎ አያርሟቸው! «16 ባጃጅ ስንት ልጅ ወሰደ?» ብለው ይጠይቁ። 48። ሁለት ልጆች መንገድ ላይ ቀሩ፤ 17ኛው ባጃጅ የሚመጣው ለእነሱ ነው። ማርኩንም «ለምን 17?» ለሚለው ማብራሪያ ይስጡ።

ለ4 ልጆች አንድ ስልክ ይበቃል። ሌላ ቀን የ7 ቁጥርን ቁልፍ ከልክለው 27 × 6ን ያሠሯቸው፤ 26 × 6 ላይ 6 መደመርን ራሳቸው ይደርሱበታል።

አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይሞክሩ፦ 2 + 3 × 4 በስልክ 14 ሲሆን በብዙዎቹ ትንንሽ የሱቅ ካልኩሌተሮች 20 ይወጣል፤ እነሱ በተነካው ቅደም ተከተል ስለሚያሰሉ ነው።