«ሩፋኤል አሳድገኝ» ያለው ልጅ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ደሴ ነው። ጳጉሜን 3 ዝናቡ ሲወርድ እናቴ የ6 ዓመት ልጄን ልብሱን አስወልቀው «ሩፋኤል አሳድገኝ በል» ብለው አስወጡት። ከጎረቤት ሙስሊም ልጆች ጋር ሲጨፍር ዋለ። ማታ ግድግዳው ላይ ቁመቱን ለካ። እንዳላደገ ሲያይ አለቀሰ። ባለቤቴ «ልጄን ውሸት እየነገራችሁ አታሳድጉት» ብሎ ከእናቴ ጋር ተኳረፈ። ልጁ ደግሞ «እውነት ያሳድጋል?» እያለ ይጨቀጭቀኛል። ምን ልበለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ቁመቱን መለካቱን ሳነብ ፈገግ አልኩ። የሰማውን ለክቶ የሚያጣራ ልጅ በቀላሉ የሚታለል አይደለም።

ከ2 እስከ 7 ዓመት ገደማ ምኞትና እውነት በልጅ ጭንቅላት ውስጥ ተጎራብተው ይኖራሉ። ከዚያ ራሳቸው ይነቁበታል። አሜሪካ ውስጥ ተጠንቶ በፈረንጆቹ 1994 የታተመ ጥናት የገና አባት እንደሌለ የደረሱበትን ልጆች ጠይቆ ነበር። አብዛኞቹ ደስ ብሏቸዋል። ያዘኑት ወላጆቹ ናቸው!

ባለቤትዎ ግን ጨርሶ አልተሳሳቱም። ልጁ እየተጫወተ ሳለ አብሮ መጫወት አንድ ነገር ነው፤ ከልቡ ሲጠይቅ መዋሸት ሌላ። አሁን እየጠየቀ ነው። መጀመሪያ «አንተስ ምን ይመስልሃል?» ይበሉት። ከዚያ እንዲህ ይንገሩት፦ «በአንድ ቀን የሚረዝም ሰው የለም። አያትህ የለመኑልህ ቀስ እያልክ እንድታድግ ነው።» ይህ ውሸት አይደለም፤ የእናትዎንም እምነት አይነካም። «እደግ ተመንደግ» ብለን ስንመርቅ ልጁ እዚያው ይመነደጋል ብለን ነው እንዴ? ቡና ያለ ምርቃት በማይጠጣበት ወሎ ይህ ለባለቤትዎ የሚጠፋቸው አይመስለኝም። ለእሳቸውም በዚሁ መንገድ ያስረዷቸው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዝናብ ያሳድገኛል ብሎ የሚያምን ልጅ «አያ ጅቦ መጣልህ» ሲባልም ያምናል፤ ሌሊቱን ሙሉ። እቤትዎ ይህ ካለ ዛሬውኑ ይቁም።

የግድግዳውን ምልክት አያጥፉት። በዚህ ዕድሜ ልጅ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። በሚቀጥለው ጳጉሜን 3 አባቱ ይለኩት። አያቱ ደግሞ ፎጣ ይዘው በር ላይ ይጠብቁት፤ የደሴ ብርድ ቀልድ አያውቅም።