ምርቱ በዝቶ ፕሮቲኑ ለምን አነሰ?

ጥያቄ፦ ስንዴዬን በመስኖ አለማሁ። ምርቱ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ዱቄት ፋብሪካው ግን «ፕሮቲኑ ዝቅ ያለ ነው» ብሎ ዋጋ ቀነሰብኝ። የዩሪያ ማዳበሪያውን በቡቃያው ጊዜ በአንዴ ጨርሻለሁ። በሚቀጥለው ውሃውን ልቀንስ?

መልስ፦ ኧረ ውሃውን አይቀንሱ! ፍሬው በሚሞላበት ጊዜ ስንዴ ከተጠማ ፕሮቲኑ በመቶኛ ከፍ ይላል። ግን ከፍ ያለው ስታርቹ፣ ማለትም ፍሬውን የሚሞላው ገንቢ ዱቄት፣ ስላነሰ ነው። ፍሬው ይጨማደዳል፣ ሲፈጭም ዱቄቱ ያንሳል።

የእርስዎ ስንዴ ውሃ ጠግቦ ብዙ ፍሬ ያዘ። ፕሮቲን የሚሠራበት ናይትሮጅን ለዚያ ሁሉ ፍሬ ተከፋፈለና ፕሮቲኑ ሳሳ። መስኖው ከልክ አልፎ ከነበረ ደግሞ ናይትሬቱን፣ ማለትም በውሃ የሚሟሟውን የናይትሮጅን ዓይነት፣ ከሥሩ በታች አጥቦት ሊሆን ይችላል።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ዩሪያውን በአንዴ መጨረስዎ ነው። ቀድሞ የሚሰጥ ናይትሮጅን በአብዛኛው ምርት ያበዛል። ፕሮቲን የሚያሳድገው ዘግይቶ የሚሰጠው ነው። ስለዚህ መጠኑን ሳይጨምሩ ይከፋፍሉት። ከፊሉን በቡቃያው፣ ከፊሉን አገዳው ማደግ ሲጀምር፣ የቀረውን ዛላ ሊያወጣ ሲል ይስጡ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ አፈር ላይ ተበትኖ ከዋለ ግን አሞኒያ ሆኖ ይተናል። እንደበተኑ ቀለል አድርገው ያጠጡት።

ፍሬው ሲደርቅ መስኖውን ያቁሙ። የደረሰ ስንዴ ዛላው ላይ እንዳለ ከረጠበ ሊበቅል ይችላል፤ ዱቄቱም ሊጡን ያጣብቃል።

የዘሩት የፓስታ ስንዴ ከሆነ ጥቂት ፍሬ ሰንጥቀው ይዩ። ውስጡ እንደ መስታወት ከማብረቅ ይልቅ ነጭና ዱቄታማ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ናይትሮጅን አንሶታል ማለት ነው።