ፓንጎንግን ለመጨረሻ አቆዩት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ዱባይ ነው። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ የ10 ቀን ፈቃድ አለኝ፣ ከጓደኛዬ ጋር ሕንድ አገር ላዳክ ለመሄድ ወስነናል። ከዴልሂ ወደ ሌህ በአውሮፕላን፣ በማግስቱ ፓንጎንግ ሐይቅ አድረን፣ ከዚያ ኑብራ ሸለቆ፣ በመጨረሻ የቡድሃ ገዳማቱን እናያለን ብለናል። ጓደኛዬ ከፍታውን ፈርታለች። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ስለሆንኩ ብዙም አላሳሰበኝም። ደግሞ ፍልሰታ ነው፣ ምን እንበላለን?

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛሽ መፍራቷ ልክ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ናት፣ ሌህ ከተማ ደግሞ 3,500። ፓንጎንግ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፣ ከራስ ዳሸን ጫፍ የሚያንሰው 300 ሜትር ያህል ብቻ ነው። እናንተ ደግሞ እዚያ ልትተኙ ነው። እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት በአገራችን 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ደገኞች ደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ባሕር ዳር ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል። እነሱ ግን እዚያው ተወልደው እዚያው የሚኖሩ ናቸው። አንቺ አሁን የምትኖሪው ባሕሩ ዳር ነው፣ ሰውነት ደግሞ የለመደውን ከፍታ በሳምንታት ውስጥ ይረሳዋል።

ስለዚህ ዕቅዱን ገልብጡት። ቦታዎቹን በካርታው ርቀት ሳይሆን በምትተኙበት ከፍታ ደርድሯቸው።

ሌህ ስትደርሱ ሁለቱን ቀን ምንም አትሥሩ። የምሬን ነው፣ ምንም። ሆቴል ውስጥ አረፍ በሉ፣ ውኃ ጠጡ፣ ማታ ማታ ገበያው አካባቢ ቀስ ብላችሁ ተንሸራሸሩ። መጠጥና የእንቅልፍ ኪኒን ይቅር። በመጀመሪያው ቀን ደህና ነኝ ብሎ ቤተ መንግሥቱ ያለበትን ኮረብታ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው፣ ሕመሙ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት ላይ ነው። በነዚህ ቀናት አንድ የጉዞ ወኪል የኑብራንና የፓንጎንግን ፈቃድ ያወጣላችኋል። የውጭ ዜጋ ያለዚህ ፈቃድ አያልፍም፣ ሁለት መሆናችሁም ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ብቻውን ለሚሄድ ሰው ፈቃዱ አስቸጋሪ ነው።

በሦስተኛው ቀን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አልቺ ውረዱ። አልቺ ከሌህ ዝቅ ያለ ነው፣ እንቅልፋችሁም ይስተካከላል። እኔ ከላዳክ አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብባል እሱን እመርጣለሁ። ገዳሙ ትንሽ ነው፣ ከውጭ ሲያዩት የጭቃ ቤት ይመስላል፣ ውስጡ ግን ግድግዳው በሙሉ ከ11ኛው እስከ 13ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ የተሳሉ፣ የካሽሚር ሠዓሊዎች እጅ ያረፈባቸው ሥዕሎች ናቸው። ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ወደ ሌህ ከተመለሳችሁ በኋላ፣ በሌላው አቅጣጫ ባለው ቲክሴ ገዳም ለማለዳው ጸሎት ድረሱ። ጫማ ማውለቅ ለእኛ አዲስ አይደለም። ትከሻችሁን ሸፍኑ፣ የጸሎት ድንጋይ የተደረደረበትን ግድግዳ ስታልፉ ደግሞ ሁልጊዜ በቀኛችሁ አድርጉት።

ከዚያ ኑብራ። መንገዱ ካርዱንግ ላ የሚባለውን 5,359 ሜትር መተላለፊያ ያቋርጣል፣ እዚያ ብዙ አትቆዩ። ኑብራ ውስጥ ያለችው ዲስኪት ስትደርሱ ግን 3,100 ሜትር አካባቢ ናችሁ። ፓንጎንግ ከሁሉ በኋላ፣ ለአንድ ሌሊት። ቀን ካጠራችሁ የሚሰረዘው ፓንጎንግ እንጂ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የእረፍት ቀናት አይደሉም። የመጨረሻዋን ሌሊት ለዴልሂ ተዉ፣ ምክንያቱም የሌህ በረራ በአየር ጠባይ ይሰረዛል፣ የዱባዩን ትኬት በዚያው ቀን ከቆረጣችሁ ልታጡት ትችላላችሁ።

ዳያሞክስ የሚባል መድኃኒት አለ፣ ብዙ ጊዜ 125 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ፣ ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ይጀመራል። ዱባይ ሐኪም ሳታዩ አትውሰዱት፣ በተለይ ሰልፋ የሚባሉት መድኃኒቶች ለማይስማሙት ሰው ችግር ሊያመጣ ይችላል። ቀላል ራስ ምታት ያጋጥማል። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ ግን እስኪለቅ ወደ ላይ አትውጡ። ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሰውየው ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተምታታ፣ እስኪነጋ የሚባል ነገር የለም፣ ወዲያው ወደ ታች መውረድ ነው። ሌህ ውስጥ ሶናም ኖርቡ ሆስፒታል ኦክስጅን አለው።

የጾሙ ነገር ቀላል ነው። ሩዝ በምስር የትም አለ። ቱክፓ የሚባለው ፓስታ ያለበት የአትክልት ሾርባም አለ፣ ፓስታው እንቁላል እንዳለበት ጠይቁ። የአገሬው ሻይ ቅቤና ጨው ያለበት ስለሆነ እሱን እለፉት። የተቆላ የገብስ ዱቄት ይበላሉ፣ ያው በሶ ነው፣ በቅቤ ሻይ ስለሚያሹት ግን በውኃ እንዲሆንላችሁ ንገሯቸው። ነሐሴ ደግሞ የአፕሪኮት ጊዜ ነው፣ ከዛፉ ሥር ይሸጡታል። አንድ ነገር ብቻ፦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳትጠጡ መዋል እዚያ ከፍታ ላይ አደገኛ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የንስሐ አባታችሁን አማክሩ።

ስልክ ላይ አትተማመኑ። ዴልሂ የምትገዙት ቅድመ ክፍያ ሲም ላዳክ ውስጥ አይሠራም። ለቤተሰብ አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ጥሬ ሩፒም ከሌህ ያዙ።

ጥያቄ፦ እኔ የምነሳው ከአዲስ አበባ ነው። ሕንድ ከደረስኩ በኋላ ወደ ሌህ በመኪና መውጣት አይሻልም? ሰውነት ቀስ እያለ ይለምዳል ይባላል።

መልስ፦ በየትኛው መንገድ እንደምትሄድ ይወስነዋል። ከካሽሚሯ ሽሪናጋር የሚመጣው መንገድ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው፣ ካርጊል 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ታድራለህ። የካሽሚርን ጸጥታ ግን ከመነሳትህ በፊት አጣራ። ከማናሊ የሚመጣው ደግሞ ያምራል፣ ግን ብዙዎች ሳርቹ ላይ 4,300 ሜትር አካባቢ ያድራሉ፣ ታመው የሚነሱትም እዚያ ነው። በእሱ ከሄድክ ከሳርቹ ዝቅ ያለው ጂስፓ እደርና በማግስቱ ማልደህ ተነስተህ ሌህ ግባ። ሁለቱም መንገዶች በእነሱ የብርድ ወራት፣ ማለትም በእኛ በጋ፣ በበረዶ የሚዘጉበት ጊዜ አለ። ከአዲስ አበባ ስለምትነሳም የቢጫ ወባ ክትባት ካርድህን ያዝ፣ ክትባቱ የሚጸናው ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ቀደም ብለህ ተከተብ።