«ጨርሻለሁ» ብሎኛል፤ ፎልደሬ ግን የለም

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ዌብሳይት እሠራለሁ። ተርሚናል ውስጥ የሚሠራ የኤአይ ረዳት መጠቀም ከጀመርኩ ትንሽ ቆየሁ። በየደቂቃው «ይህን ኮማንድ ላስኪድ?» ሲለኝ ሰለቸኝና ሁሉንም ሳይጠይቅ እንዲያልፍ አደረግኩት። ሰሞኑን «የወደቀችውን ቴስት አስተካክል» ብዬው ምሳ ወጣሁ። ስመለስ «ጨርሻለሁ» ይላል። ቴስቷ (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የምታጣራው) እውነትም አልፋለች። ግን ያላዘዝኩትን ብዙ ፋይል ነካክቷል። ጊት (የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው ፕሮግራም) ላይ ኮሚት ያላደረግኩት፣ ማለትም ያልመዘገብኩት የምስሎች ፎልደርም የለም። ማስመለስ ይቻላል? ለወደፊቱስ እንዲህ እንዳያደርግ ምን ብዬ ልዘዘው?

መልስ፦ መጀመሪያ እጅህን ሰብስብ። ረዳቱን «ያጠፋኸውን መልስልኝ» እንዳትለው። ሊረዳህ ብሎ ሌላ ኮማንድ ይደራርብበታል።

ቀጥሎ ሴሽኑን (ከረዳቱ ጋር ያደረግከውን ምልልስ) ወደ ላይ ተመልሰህ አንብብ። የምትፈልገው የጻፈልህን ማጠቃለያ አይደለም፤ ያስኬደውን ኮማንድ ነው። «ኤምቪ» ከሆነ ፎልደሩ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። «ጊት ስታሽ» ከነ ዩ አማራጩ ከሆነ ስታሽ ውስጥ (ጊት ያላለቀ ሥራ ለጊዜው በሚያኖርበት ቦታ) ተቀምጦልሃል። «ጊት ስታሽ ሊስት» ብለህ ፈልገው፣ በ«ጊት ስታሽ አፕላይ» መልሰው። ፖፕ አትበል፤ አፕላይ ቅጂውን እዚያው ይተውልሃል። ኮማንዱ «አርኤም» ወይም «ጊት ክሊን» ከሆነ ግን ነገሩ ከበድ ይላል። ሁለቱም ፋይል ያጠፋሉ፤ ትራሽ የሚባል ነገር አያውቁም።

ያኔም አንድ ጭላንጭል አለ። ምስሎቹን ኮሚት ባታደርጋቸውም አንድ ቀን «ጊት አድ» (ለኮሚት ማዘጋጃው) ብለሃቸው ከሆነ ይዘታቸው ጊት ውስጥ ገብቷል። «ጊት ኤፍኤስሲኬ» የሚለውን ኮማንድ ሎስት ፋውንድ ከሚባለው አማራጩ ጋር አስኪደው። ባለቤት ያጡትን ፋይሎች ለቅሞ በተደበቀው የጊት ፎልደር ሥር ያስቀምጥልሃል። ስማቸው ግን አይመለስም፤ አንድ በአንድ እየከፈትክ ማየት ነው። አትዘግይ፤ ጊት እንዲህ ያሉትን ከ2 ሳምንት በኋላ ሊያጸዳቸው ይችላል። ከዚህ ውጭ ያለው ተስፋ ባክአፕ ነው፦ ታይም ማሺን (የማክ ባክአፕ)፣ ክላውድ ላይ ያለ ቅጂ፣ ወይም ሰርቨሩ ላይ ቀድመህ የጫንካቸው ምስሎች። የዲስክ ማስመለሻ ፕሮግራሞች አሁን ባሉት ኤስኤስዲዎች ላይ እምብዛም አይረዱም።

ከእነዚህ ረዳቶች አንዱን፣ ክሎድ ኮድን የምትጠቀም ከሆነ «ሪዋይንድ» የሚል ትእዛዝ እንዳለው አይተህ ይሆናል። እሱ የሚመልሰው ረዳቱ በራሱ ማረሚያ የለወጣቸውን ፋይሎች ነው። በተርሚናል ኮማንድ የጠፋን ነገር አይመልስም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ። «ምን ብዬ ልዘዘው» ስትል መፍትሔውን ከቃላት እየጠበቅክ ነው። እኔ ቃላቱ ላይ ብዙ ተስፋ አልጥልም። ምክንያቱን ለማየት ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይበቃል። ሞዴሉ ራሱ ኮምፒውተርህን አይነካም። ሩቅ ሰርቨር ላይ ሆኖ «ይህን ኮማንድ አስኪድልኝ» የሚል ጽሑፍ ይልካል። የሚያስኬደው አንተ ጋ የተጫነው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ውጤቱን ይመልስለታል፤ ሞዴሉ አይቶ ቀጣዩን ይጠይቃል። ሥራው አለቀ እስኪል እንዲህ ሲመላለሱ ይቆያሉ። ያ ፕሮግራም ደግሞ የሚሠራው በአንተ ስምና በአንተ መብት ነው። አንተ ማጥፋት የምትችለውን ሁሉ እሱም ማጥፋት ይችላል።

«ፋይል እንዳታጠፋ» ብለህ ብትጽፍለት ሞዴሉ አብዛኛውን ጊዜ ይሰማሃል። አብዛኛውን ጊዜ። ፕሮግራሙ ላይ ያስቀመጥከው ክልከላ ግን ሞዴሉ ሰማም አልሰማም ይሠራል። ቁልፉን አስረክቦ በሩ ላይ «እባክህ አትግባ» የሚል ወረቀት መለጠፍ ሌላ፣ በሩን መቆለፍ ሌላ።

ስለዚህ ፈቃዱን መልሰህ አብራው፤ እንደ ድሮው ግን አይሁን። መሰልቸትህ ልክ ነው። በየደቂቃው የሚጠየቅ ሰው ሳያነብ «እሺ» ማለት ይለምዳል፤ ያ ደግሞ ፈቃድ ከማጥፋት ብዙም አይሻልም። ጉዳት የማያደርሱትን ለዘለቄታው ፍቀድለት፦ የኮድ ፋይል ማንበብ፣ መፈለግ፣ «ጊት ስታተስ»፣ «ጊት ዲፍ»፣ ቴስት ማስኬድ። ማጥፋት፣ ማዛወር፣ ፓኬጅ መጫን፣ «ጊት ሪሴት»፣ «ጊት ፑሽ»፣ ዳታቤዝ የሚነካ ማንኛውም ነገር ሲመጣ ግን ይጠይቅህ። «ሱዶ» (ኮማንድን በአስተዳዳሪ መብት የሚያስኬደው) ጭራሽ ይከልከል። የይለፍ ቃልና የኤፒአይ ቁልፍ ያለበትን ዶት ኢኤንቪ ፋይል ማንበብም እንደዚሁ፤ ረዳቱ ያነበበው ሁሉ ወደ ሞዴሉ ሰርቨር ይሄዳል። ጥያቄዎቹ ሲቀንሱ የቀሩትን ማንበብ ትጀምራለህ።

«አርኤምን ከከለከልኩ አበቃ» እንዳትል ደግሞ። ፋይል በፓይተን ስክሪፕትም ይጠፋል፣ በ«ፋይንድ»ም ይጠፋል። ጠንከር ያለው አጥር ሳንድቦክስ ነው፤ ፕሮግራም ከተወሰነለት ክልል እንዳይወጣ የሚያግድ። ለምሳሌ ሌላው ረዳት ኮዴክስ ከሚሠራበት ፎልደር ውጭ እንዳይጽፍ የሚያግድ ሳንድቦክስ አለው። ልብ በል፣ የአንተ ምስሎች የነበሩት እዚያው ፎልደር ውስጥ ነው፤ ሳንድቦክስ ብቻውን አያድናቸውም ነበር። ለቀኸው ምሳ መውጣት ካማረህ የፕሮጀክቱን ቅጂ ዶከር ኮንቴይነር (ከቀረው ኮምፒውተርህ የተለየ ዝግ ቦታ) ውስጥ ስጠውና እዚያ ያሻውን ያድርግ።

ከሁሉም ቀላሉ መከላከያ ጊት ነው። ሥራ ከመስጠትህ በፊት አዲስ ብራንች (የተለየ የሥራ መስመር) ክፈትና ያለህን ሁሉ ኮሚት አድርግ። የኮሚቱ መልእክት «ከኤአይ በፊት» ቢል ማንም አይከስህም። ጊት የማይደርስላቸው ነገሮች አሉ፦ ጊት እንዲተዋቸው ጊትኢግኖር ውስጥ ያስገባሃቸው ፋይሎች፣ ዳታቤዝ፣ ከፕሮጀክቱ ውጭ ያለ ማንኛውም ነገር። እነሱን ሌላ ቦታ ገልብጥ።

ትእዛዙስ? ቃላቱ ላይ ተስፋ አልጥልም ብልም ሥራው ላይ ለውጥ ያመጣሉ። «የወደቀችውን ቴስት አስተካክል» ስትለው ግቡ ቴስቷ ማለፏ ብቻ ይሆናል። ለዚያ የሚያደርስ አቋራጭ ሞልቷል፤ አንዱ ራሷን ቴስቷን መቀየር ነው። ስለዚህ ለሁለት ከፍለህ ጠይቀው። መጀመሪያ «ይህች ቴስት ለምን እንደምትወድቅ ንገረኝ፤ ምንም ፋይል አትንካ» በለው። ክሎድ ኮድ ለዚህ ፕላን ሞድ አለው፤ ሺፍትና ታብን አንድ ላይ እየተጫንክ ትደርስበታለህ። የሰጠህ ምክንያት ካሳመነህ «እሺ፣ ያልከውን እዚህ ፋይል ላይ ብቻ አስተካክል። የቴስት ፋይሎችን አትንካ። ሌላ ፋይል መንካት ግድ ከሆነ ቁምና ጠይቀኝ» በለው። ምክንያቱ ካላሳመነህ ተከራከረው። ኮድ ከተጻፈ በኋላ ከመከራከር አሁን ይቀላል።

ሴሽኑ ሲረዝም ረዳቱ ያልከውን ይረሳል። በአንድ ጊዜ ሊይዘው የሚችለው ጽሑፍ ልክ አለው፤ ልኩ ሲሞላ የቀደመው ወሬ በአጭሩ ይጠቃለላል፣ መጀመሪያ ላይ ያልካት ማሳሰቢያም አብራ ልትጠፋ ትችላለች። ለአዲስ ሥራ አዲስ ሴሽን ክፈት። ሁሌም የሚያስፈልጉትን ደንቦች ሴሽን ሲጀመር የሚያነበው ፋይል ላይ ጻፍ፦ ለክሎድ ኮድ ክሎድ ዶት ኤምዲ፣ ለኮዴክስ ኤጀንትስ ዶት ኤምዲ። አጭር ይሁን። ሰው የማያነበው ርዝመት እሱንም አይጠቅመውም።

የቀረው የተነካኩት ፋይሎች ጉዳይ ነው። የፎልደሩን ነገር ከጨረስክ በኋላ «ጊት ዲፍ» ብለህ መጀመሪያ የቴስት ፋይሉን እይ። ተለውጦ ካገኘኸው ለውጡን አትቀበል፤ ቴስቷ ያለፈችው ስለተቀየረች ሊሆን ይችላል። ከዚያ «ጊት አድ»ን ከነ ፒ አማራጩ አስኪደው። ለውጡን ቁራጭ በቁራጭ እያሳየ ይጠይቅሃል። ለችግሩ መፍትሔ ለመሰለህ ቁራጭ «ዋይ»፣ ለሌላው «ኤን» በል። የመረጥከውን ኮሚት አድርግ፤ የተረፈውን «ጊት ስታሽ» ብለህ ወደ ጎን አድርግና ቴስቷን እንደገና አስኪዳት። ካለፈች የተረፈው አያስፈልግህም። ከወደቀች ከስታሹ እየመለስክ የትኛው ቁራጭ እንደጎደለ ፈልግ።