ልጅሽን ደሴ ከመላክሽ በፊት

ሰሞኑን አንዲት የደሴ ልጅ ከዋሽንግተን ደወለችልኝ። የሦስት ወር አራስ ናት። «ሰኞ ሥራ ልገባ ነው። ልጁን እናቴ ጋ ልላከው?» አለችኝ። ያልኳትን ለአንቺም ልንገርሽ፤ እኔ ልኬ አይቼዋለሁና።

ልጄን ከአሜሪካ ደሴ እናቴ ጋ የላክሁት በ11 ወሩ ነው። እኔም ባለቤቴም ሙሉ ቀን እንሠራለን። የሕፃናት መዋያው ክፍያ ከቤት ኪራያችን አይተናነስም ነበር። እናቴ ጤነኛ ናት፣ ግቢው ሰፊ ነው፣ ጎረቤቱም ልጅ ይወዳል። «አብሽሪ፣ እኔ አሳድገዋለሁ» አለችኝ። ሁለት ዓመት አሳደገችልኝ፤ ውለታዋን ከፍዬ አልጨርሰውም።

ልወስደው ኮምቦልቻ ወርጄ፣ ደሴ ገብቼ በሩን ሳንኳኳ ልጄ የእናቴን ነጠላ ጫፍ ጨምድዶ ከኋላዋ ተደበቀ። ትንሽ ቆይቶ «እማ፣ ሴትዮዋ መቼ ነው የምትሄደው?» አላት። እማ የሚለው እሷን ነው። አሜሪካ ከመለስኩት በኋላ ለወራት ሌሊት እየባነነ እሷን ይጠራ ነበር። ቡናና እጣን የሚሸተውን ነጠላዋን ትራሱ ላይ ካላደረግሁለት አይተኛም። መጀመሪያ ከእኔ፣ ኋላ ደግሞ ከእሷ፣ ሁለት ጊዜ ከእናት ነጠልነው።

ስለዚህ መጀመሪያ እዚያው አሜሪካ ያለውን ሞክሪ። ኢትዮጵያ ውስጥ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ተቀጣሪ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ታርፋለች። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የሚሰጠው 12 ሳምንት ነው፤ እሱም ያለ ክፍያ፣ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት አንድ ዓመት ለሠራ ሰው። የሚከፈልበት ፈቃድ ያላቸው ስቴቶችም አሉ፤ የአንቺን ጠይቂ። ይህ ፈቃድ ለአባትም እኩል ነው። የእኛ ወንዶች ግን ሲጠይቁ አላይም፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። የምትሠሩት የተለያየ ቦታ ከሆነ ተራ በተራ ውሰዱት፤ ልጁ አምስት ወር ተኩል ገደማ ከእናንተ ጋር ይቆያል። ሥራ ስትገቢም የጡት ወተት የምታልቢበት እረፍትና መጸዳጃ ቤት ያልሆነ የተከለለ ቦታ እንዲሰጥሽ አለቃሽን ጠይቂ፤ እስከ 1 ዓመት ሕጉ ከአንቺ ጋር ነው። ገቢያችሁ አነስተኛ ከሆነ «ኧርሊ ሄድ ስታርት» የተባለው የመንግሥት የሕፃናት እንክብካቤ ፕሮግራም ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች በነፃ ይሰጣል። ወረፋ ስላለው እርጉዝ ሳለሽ ተመዝገቢ።

ለሁለተኛ ልጄ ያዳነን ግን ቅሬ፣ ማለትም እንደ እድር ያለ የጎረቤት መረዳጃ ማኅበር ነው። ወሎ ውስጥ ቅሬ ሲባል ለቀብርና ለሠርግ ብቻ ይመስለናል። እኛ አንድ ሕንፃ ላይ የምንኖር አራት ቤተሰቦች የልጅ ቅሬ አቋቋምን። መዋጮው ገንዘብ አይደለም፣ ሰዓት ነው። አንዷ የሌሊት ሽፍት ሠርታ ስትገባ ሌላዋ ልጇን ትይዝላታለች፤ ደብተር ላይ ይጻፋል፤ ያረፈደ ይቀጣል፤ የታመመች ትታለፋለች። እሑድ ቡና አፍልተን፣ ዱዓ አድርገን፣ የሳምንቱን ተራ እናወጣለን። የሌላ ሰውን ልጅ በቤት መያዝን በተመለከተ ሕጉ በየስቴቱ ስለሚለያይ ቀድማችሁ አጣሩ። ደግሞ አታፍሪ። እኔ የመጀመሪያውን የላክሁት ጎረቤቴን «ያዥልኝ» ማለት ስላፈርኩ ጭምር ነው።

ይህ ሁሉ አልሆን ብሎሽ ከላክሽው፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ደውዪ። ዋሽንግተን ጠዋት 12 ሰዓት ሲሆን ደሴ ከቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው፤ ልጁ ምሳውን በልቷል፣ አንቺም ገና ሥራ አልገባሽም። እናትሽ «እማዬ ናት» እያለች ፎቶሽን ታሳየው። ልትወስጂው ስትሄጂ ቢያንስ ሦስት ሳምንት እዚያው ደሴ ተቀመጪ። ከእናትሽ ጋር አብራችሁ አጥቡት፣ አብራችሁ አብሉት። ነጠላዋን ሳታጥቢው ሻንጣሽ ውስጥ ክተቺው።