የጃፓን ከተሞች ታሪክ እንጀራ ይሆናል?

ጥያቄ፦ «ዘንድሮ በታሪክ ትምህርት እመረቃለሁ። የጃፓን ከተሞች ታሪክ ልቤን ስለወሰደው ማስተርሴን በዚሁ መቀጠል እፈልጋለሁ። ቤተሰቦቼ ግን ‹ይሄ እንጀራ አይሆንም፣ አካውንቲንግ ጨምሪበት› ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ እህቴ፣ የቤተሰቦችሽ ስጋት እውነት አለው። ሲቪ ላይ «የጃፓን ከተሞች ታሪክ» የሚል አይቶ የሚቀጥር መሥሪያ ቤት እዚህ ብዙም የለም። ግን አትተዪው፤ አጥብቢው። መሬቱን ያዢ። ከተማው በማን መሬት ላይ ተሠራ? መንገዱ ከማን ተቆረጠ? ወጪውን ማን ቻለ? ይህን አጥንቶ የሚያስረዳ ሰው ለከተማ ፕላን ቢሮም፣ ለአማካሪ ድርጅትም፣ ለዩኒቨርሲቲም ይጠቅማል።

ኤዶን እንይ፤ የዛሬዋ ቶኪዮ ናት። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ቶኩጋዋ ኢያሱ በ1603 ሾጉን (አገሪቱን የሚገዛ የጦር አለቃ) ሆኖ መንግሥቱን እዚያ ተከለ። በ1635 ደግሞ የየግዛቱ ባላባቶች እየተፈራረቁ በኤዶ እንዲቀመጡ ተደነገገ። ሚስትና ልጆቻቸው ግን እንደ መያዣ እዚያው ይቀራሉ። ባላባት ደግሞ ብቻውን አይመጣም። አጃቢው፣ ወጥ ሠሪው፣ ፈረስ ጠባቂው ይከተለዋል። ይህን ሁሉ ሰው የሚያበላና የሚያለብስ ነጋዴና የእጅ ባለሙያም ጎረፈ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የከተማዋ ሕዝብ 1 ሚሊዮን ገደማ ደርሶ ነበር።

ሰፊውን መሬት የያዙት ሳሙራዮቹ፣ ማለትም ባላባቶቹና ተዋጊዎቻቸው ናቸው። ተራው ሕዝብ በቀረችው ቁራሽ ላይ ተጨናንቆ ይኖር ነበር። ከዋናው መንገድ ጀርባ በጠባብ መተላለፊያ ሲገቡ «ናጋያ» የሚባል ረድፍ ቤት አለ። የተለመደው ክፍል 2.7 በ3.6 ሜትር ገደማ ነው፤ ቤተሰብ በሙሉ እዚያች ውስጥ ያድራል። የውኃ ጉድጓዱም መጸዳጃውም የጋራ ነው። የቀበሌ ቤት ግቢ ውስጥ ያደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ከመጸዳጃው የሚወጣውን እንኳ ገበሬዎች ለማዳበሪያ ይገዙት ነበር፤ ገንዘቡ የሚገባው ግን ለተከራዮቹ ሳይሆን ለአከራዩ ወገን ነው። እኔ የዚህን ትምህርት ጣዕም የማገኘው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ የቤት ኪራዩን፣ የከተማውን ጽዳትና የገጠሩን እርሻ አብረሽ ታያለሽ።

ለሥራ የሚያበቃሽ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1923 የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ ቶኪዮንና ዮኮሃማን አወደመ፤ ከ100,000 በላይ ሰው አለቀ። መልሶ ግንባታውን በመጀመሪያ የመራው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጎቶ ሺምፔ ነበር። ዋናው ዘዴ «ኩካኩ ሴይሪ» ይባላል። የአንድ ሰፈር ባለይዞታዎች ቁራሽ መሬታቸው ይቀላቀላል። ከዚያ ላይ መንገድና መናፈሻ ይቆረጣል፣ የቀረው ተስተካክሎ ለየባለቤቱ ይመለሳል። ቦታው ያንሳል፤ ግን መንገድ ያገኛል፣ ቅርጽ ይይዛል፣ ባለቤቱም ከሰፈሩ አይነቀልም። በቶኪዮ እስከ 10 በመቶው ያለ ካሳ ስለሚወሰድ ብዙ ባለመሬቶች አጥብቀው ተቃውመውታል። ተቃውሞውንም አጥኚው፤ የዘዴው ድካም የሚታየው እዚያ ነው።

በልማት ምክንያት ሰው ከሰፈሩ በሚነሳበት አገር ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ቀድቶ ማምጣት ግን አይቻልም። ጃፓን ውስጥ መሬት የግል ነው፤ እኛ ጋ በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ታዲያ ነዋሪው የሚያዋጣውም የሚመለስለትም ምንድን ነው? የማስተርስ ጥያቄሽ ይሄ ቢሆን ደስ ይለኛል።

በአካውንቲንጉ ፈንታ ጂአይኤስ፣ ማለትም በኮምፒውተር ካርታ መሥራትና የቦታ መረጃ መተንተን ጨምሪ። ኪውጂአይኤስ የሚባለው ሶፍትዌር ነፃ ነው። የቶኪዮን የድሮና የአሁን ካርታ ደርበሽ የአንድ ሰፈር ለውጥ አሳዪበት፤ ቀጣሪ ፊት ከዲግሪሽ እኩል ይናገርልሻል። ጃፓንኛንም ዛሬውኑ ጀምሪ። ሂራጋናና ካታካና የሚባሉት ፊደሎች በጥቂት ሳምንት ይያዛሉ፤ ከቻይና የመጣው ጽሕፈት፣ ካንጂው፣ ዓመታት ይፈጃል። በእንግሊዝኛ ብቻ ከተማመንሽ ሌሎች መርጠው የተረጎሙትን ብቻ ነው የምታነቢው።

የጃፓን መንግሥት ሜክስት የሚባል ስኮላርሺፕ አለው፤ አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲ ማስታወቂያ ያወጣል። ለድኅረ ምረቃ የምታመለክቺበት መስክ ከተማርሽው ጋር የሚያያዝ መሆን አለበት፤ አንቺ ከታሪክ ስለምትነሺ እዚህ ላይ አትቸገሪም። የምርምር ዕቅድም ይጠየቃል። ዕቅድሽን ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ጽፈሽ ለአንድ የታሪክና ለአንድ የከተማ ፕላን መምህር አስነብቢ። ሁለቱ የሚሰጡሽ አስተያየት ከተጋጨ፣ መጀመሪያ የፕላን መምህሩ ያልገባውን አስተካክዪ።